አጋፋሪ ደምለውና አልቀድምም ያሉት አበቦች

ተረት ተረት ብዬ ስጀምር «የላም በረት» ማለቱን ለዛሬ ተዉትና የአበባ ደጅ ክፈቱልኝ። ደጁ የአያ ደምለው ነው። አያ ደምለው ማን ነው ካላችሁ የአገሩ አጋፋሪ ነው። ሰርግ ይሁን ተዝካር፣ ዳስ ከተጣለ ደምለው ዘንጉን ይዞ ከዳሱ በር ላይ ይቆማል። ሽማግሌውን ከላይ፣ አማቹን ከጎኑ፣ ጎረምሳውን ከበሩ አጠገብ ያስቀምጣል። ማን ከማን በፊት እንደሚገባ ያውቃል፤ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈም ያውቃል። «ይቅደሙ»፣ «የለም እርስዎ ይቅደሙ»፣ «በሞቴ እርስዎ» እየተባባሉ በር ዘግተው የሚገፋፉትን እንግዶች በዓይኑም በክርኑም ብሎ የሚያስገባቸው እሱ ነው። የሰው ዳስ ሞልቶ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን የሚያስቀምጠው እንግዳ የለውም። ሚስቱ ከሞተች ቆይቷል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

ከወንዙ ማዶ ደግሞ ባሏ የሞተባት ወይዘሮ አንጓች አለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እህሏን ይዛ ወደ ወፍጮ ስትሄድ በደምለው ደጅ ታልፋለች። ደምለውም ቅዳሜ ቅዳሜ አጥሩን ይጠግናል። አንድ ቅዳሜ ታዲያ ቆም አለችና ደጁን ቃኘችው። ከደፉ እስከ አጥሩ ድረስ ያለው ቀይ አፈርና አንድ ድንጋይ ብቻ ነበር። «ምነው አያ ደምለው፣ ደጅዎ ራቁቱን ቀረ? ትንሽ አበባ ቢኖርበት ሰው ገባ ብሎ አረፍ ይልበት ነበር» አለችውና መንገዷን ቀጠለች።

ይህን ያለችው ነሐሴ እንደገባ ነው። በዚያ ሰሞን አገሩ ሁሉ የሚያወራው አንድ ወሬ ነበር። ራቅ ብላ ያገባችው የአንጓች ልጅ ለመስቀል በቅሎ ልካ እናቷን ልታስወስዳት ነው፤ ለጥየቃ ሳይሆን እዚያው ልታኖራት። ደምለው ወሬውን ከሰማ ጀምሮ እንቅልፍ አጥቷል። ስለዚህ አንዲት ነገር ብቻ ፈለገ፦ መስቀል ሳይደርስ ደጁ ላይ አበባ ይኑርና አንጓች ገብታ ትረፍበት። አበባ ወዳድ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚበላ ካልሆነ በስተቀር ቅጠል ከቅጠል ለይቶ አያውቅም ነበር።

ድንጋዩን አነሣ፣ አፈሩን ቆፈረ፣ ፍግ ጨምሮ በእጁ አለሰለሰው። ከዚያ በኋላ የሚያውቀው ሥራ አንድ ብቻ ስለሆነ መደቡን እንደ ዳስ ቆጠረው። ዳስ ከተጣለ ደግሞ የሚቀረው እንግዳ መጥራት ነው። ጋቢውን አጣፋ፣ ዘንጉን ያዘና ወደ ወንዙ ወረደ።

ወንዙ ዳር እንሶስላ አለች። ነጭ አበባዋን ወደ ውኃው ዘንበል አድርጋ፣ ሴቶች እጅና እግራቸውን የሚሞቁባትን ሥሯን አፈር ውስጥ ሸሽጋ ትኖራለች። ደምለው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ከደፉ አጠገብ፣ የጣሪያው ውኃ ከሚወርድበት፣ ጥሩ ቦታ እንዳዘጋጀላት ነገራትና «በሞቴ ይግቡልኝ» አላት። እንሶስላ አቀረቀረች። ግብዣው ደስ አሰኝቷታል፤ ነገር ግን እሷ ዝቅ ያለች ለስላሳ ተክል ናት፣ ፀሐይ አትችልም። አምጃ የሚባለው ቁጥቋጦ ታላቋ ነው፣ በሰው ደጅ ጥላ የሚጥልላትም እሱ ነው። እሱ ሳይገባ ብትገባ ሰው «እዩዋት፣ ለመታየት ስትቸኩል» ይላታል። አምጃ ይቅደም አለች።

ሌላ ሰው ቢሆን ከነሥሯ ነቅሎ፣ በእርጥብ ቅጠል ጠቅልሎ፣ ወስዶ ይተክላት ነበር። እሷም አንድ ቀን ጠውልጋ በማግስቱ ትለምደው ነበር። ደምለው ግን አጋፋሪ ነውና የተናገረችው ሁሉ ልክ መሰለው። ስለ ጨዋነቷ አመስግኗት ተመለሰ። በዚያው ቀን ወደ አምጃ መሄዱን ደግሞ ነውር አደረገው። ክቡር እንግዳ ከሌላ ደጅ በተረፈ ሰዓት አይጠራም ብሎ ለሳምንት አቆየው። እናም እንሶስላ ከአምጃ በፊት አትገባ፣ የደምለው ደጅ አበባ የለው፣ አንጓች አታርፍበት።

አምጃ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ቢጫ አበባውን ለንቦች ያድላል። ደምለው በሳምንቱ ወጣና እጅ ነሥቶ ጉዳዩን ነገረው። ደጄ አበባ የለው፣ እንሶስላን ብጠራ ከእርስዎ በፊት አትገባ፣ በሞቴ ይግቡልኝ አለው። አምጃ ነገር የሚያበዛ ቁጥቋጦ ነው፤ ግራና ቀኙን ካየ በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እሱ ከመካከል የሚቀመጥ ነው፣ ከመካከል የሚቀመጥ ደግሞ ከጎረቤት ጋር መስማማት አለበት። ቀጋ አለች። እሷ ሳትገባ ቢገባ ያቺ እሾኻም ሲገባ በቁምጣው፣ ሲወጣ በጋቢው ትይዘዋለች፤ ከዚያ ወዲያ ሰላም የለም። ቀጋ ትቅደም አለ።

ደምለው አሰበበት። ሰርግ ላይ እንደ ቀጋ ያሉ ሴቶች አጋጥመውታል፤ እንዲህ ያለችውን ሴት አስቀድሞ ማስገባት ብልኅነት ነው። አምጃን አመስግኖ ወረደ። አምጃ ከቀጋ በፊት አይገባ፣ እንሶስላ ከአምጃ በፊት አትገባ፣ የደምለው ደጅ አበባ የለው፣ አንጓች አታርፍበት።

ቀጋ ከቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ዳር ናት። አላፊ አግዳሚውን ስለምትይዝ የማትሰማው ወሬ የለም። ደምለው ገና እጅ ሳይነሣ «ሦስተኛ ነው የተጠራሁት?» አለችው። ደነገጠ። ነጭ አበባዋን አመሰገነ፣ መዓዛዋ ከሩቅ እንደሚያውድ ነገራት፣ ሦስተኛ የሆነችውም መንገዱ ስላሳሳተው እንደሆነ ማለ። ከዚያ ደጄ አበባ የለው፣ እንሶስላ ከአምጃ በፊት አትገባ፣ አምጃ ከእርስዎ በፊት አይገባ፣ በሞቴ ይግቡልኝ አላት። ቀጋ ረገብ አለች። ልቧ ወድዷል፣ ነገር ግን ኮርች የሚባል አጎት አላት። በእሾህ ይዛመዳሉ፤ እሱ ትልቅ ዛፍ፣ እሷ የአጥር ሥር ቁጥቋጦ። አጎት ውጭ ቆሞ የእኅት ልጅ ስትገባ የት አገር ታይቷል አለች። ደምለውም የትም አልታየም አለ። ሊሄድ ሲል ጋቢውን ያዘችው፤ እየለመነ አስለቀቃት።

ቀጋ ከኮርች በፊት አትገባ፣ አምጃ ከቀጋ በፊት አይገባ፣ እንሶስላ ከአምጃ በፊት አትገባ፣ የደምለው ደጅ አበባ የለው፣ አንጓች አታርፍበት።

በዚህ መካከል ነሐሴ አልቆ ጳጉሜም አልፋ ነበር። ውኃ የሚቀዱ ሴቶች አጋፋሪው ለቁጥቋጦ እጅ ሲነሣ አይተው እንስራቸው እስኪፈስ ስቀዋል። ወሬው ወንዙን ተሻግሮ አንጓች ጆሮ ደርሷል። አንጓች ግን አልሳቀችም፤ የት ድረስ እንደሚሄድ ልየው ብላ ትጠብቅ ጀመር።

ኮርች በሁለት እርሻ ድንበር ላይ ይቆማል። ግንዱ እሾኻም፣ ቁመናው ያማረ ነው፤ ጠባዩ ግን ዓይን አፋር ነው። ደምለው ደጄ አበባ የለው፣ እንሶስላ ከአምጃ፣ አምጃ ከቀጋ፣ ቀጋ ከእርስዎ በፊት አትገባ፣ በሞቴ ይግቡልኝ ሲለው ኮርች ቅጠሉን ሁሉ አንቀጠቀጠ። «የኔን አበባበብ አታውቀውም እንዴ?» አለው። «አበባዬ የሚወጣው ቅጠሌ ረግፎ ሲያልቅ ነው። ቀዩን ብቻ አንጠልጥዬ ራቁቴን እቆማለሁ። እርሻ ላይ ማን ያየኛል? በሰው ደጅ ግን ከኋላዬ የሚከልለኝ ትልቅ ዛፍ ከሌለ እንዴት አድርጌ? ሽማግሌው ኮሶ ይቅደም።» ይህም ልክ መሰለው። ደምለው ልክ ያልመሰለው ነገር የለም እኮ፤ በሽታውም እሱው ነበር።

ኮርች ከኮሶ በፊት አይገባ፣ ቀጋ ከኮርች በፊት አትገባ፣ አምጃ ከቀጋ በፊት አይገባ፣ እንሶስላ ከአምጃ በፊት አትገባ፣ የደምለው ደጅ አበባ የለው፣ አንጓች አታርፍበት።

ኮሶ ያለው ከተራራው ራስ ላይ ነው። ደምለው ሲወጣ የመስከረም ዝናብ ያዘው። ድጡ ሁለት ጊዜ ወደ ታች መለሰው፣ ጋቢው ጭቃ ጠጣ፣ ዘንጉ ተሰበረ። ዘንጉ የተሰበረ አጋፋሪ ሆኖ ከሽማግሌው ፊት ሲቆም አፈረ። ኮሶ ቅርፊቱ የተላላጠ፣ ቀይ አበባው በወራቱ እንደ ጢም የሚንዘረፈፍ አዛውንት ዛፍ ነው። ደምለው ትንፋሹን ሰብስቦ ጀመረ። ደጄ አበባ የለው፣ እንሶስላ ከአምጃ በፊት አትገባ፣ አምጃ ከቀጋ በፊት አይገባ፣ ቀጋ ከኮርች በፊት አትገባ፣ ኮርች ከእርስዎ በፊት አይገባ፣ በሞቴ ይግቡልኝ አለ።

ኮሶም መለሰለት። «ሰው እኔን የሚጠራኝ ሆዱን ሲያመው ነው። አፍንጫውን ይዞ፣ ፊቱን አጨማዶ ይውጠኛል፤ ሲሻለውም ዞሮ አያየኝም። ለጌጥ የጠራኸኝ አንተ የመጀመሪያው ነህና እሺ ብያለሁ። ግን እመቤት የሌለችበት ግቢ አልገባም። አንጓች ትቅደም።»

ደምለው የወይዘሮ አንጓች ስም እዚህ ምን አመጣው ብሎ ጠየቀ። ፊቱን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ ነበር የጠየቀው።

«እኔ ያለሁት ከላይ ነው፣ ሁሉን አያለሁ» አለ ኮሶ። «ቅዳሜ ቅዳሜ የምትጠግነውን አጥርም አያለሁ። አጥሩ ተሰብሮ አያውቅም።»

እንግዲህ ኮሶ ከአንጓች በፊት አይገባ፣ ኮርች ከኮሶ በፊት አይገባ፣ ቀጋ ከኮርች በፊት አትገባ፣ አምጃ ከቀጋ በፊት አይገባ፣ እንሶስላ ከአምጃ በፊት አትገባ፣ የደምለው ደጅ አበባ የለው፣ አንጓች አታርፍበት። ከተራራው ሲወርድ ይህንኑ እየደጋገመ ወረደ።

አንጓች ቤት ሲደርስ የመስቀል ዋዜማ ነበር። በቅሎዋ ደጇ ላይ ታስራ ቆማለች። ኮርቻው ተጭኗል፣ ልጇ የላከችው ሰው ገለባ ሲያበላት አገኘው። አንጓች ልብሷን ትጠቀልላለች። ደምለው በቅሎዋን ሲያይ ልቡ ወረደ፤ ቢሆንም ወግ ወግ ነውና ከበሩ ውጭ ቆሞ እጅ ነሣ። ከዚያም ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራት። ደጄ አበባ የለው፣ እንሶስላ ከአምጃ በፊት አትገባ፣ አምጃ ከቀጋ በፊት አይገባ፣ ቀጋ ከኮርች በፊት አትገባ፣ ኮርች ከኮሶ በፊት አይገባ፣ ኮሶ ከእርስዎ በፊት አይገባ አለና አበቃ። ለሌሎቹ ሁሉ መጨረሻ ላይ የጨመረውን ቃል ለእሷ አልጨመረውም።

አንጓች ጠበቀች። ቃሉ አልመጣም። «እኔ ያልኩት አበባ ካለ አርፍበታለሁ ነው» አለችው። «ራቁቱን የቀረ ደጅ ምን ብዬ እገባለሁ? እንሶስላ ትቅደም።»

ይኸውላችሁ፣ ነገሩ ዞሮ ገጠመ። አንጓች ከእንሶስላ በፊት አትገባ፣ እንሶስላ ከአምጃ በፊት አትገባ፣ አምጃ ከቀጋ በፊት አይገባ፣ ቀጋ ከኮርች በፊት አትገባ፣ ኮርች ከኮሶ በፊት አይገባ፣ ኮሶ ከአንጓች በፊት አይገባ፣ አንጓች ከእንሶስላ በፊት አትገባ። በአንድ በር ላይ ሁሉም ይቅደሙ ብሎ ከቆመ የሚበላው ምግብ ቀዝቅዞ ያድራል። ይህን ከደምለው በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እሱ ግን ምን አደረገ መሰላችሁ? «እውነትዎን ነው» ብሎ እጅ ነሣና እንሶስላን ደግሞ ሊለምን ወደ ወንዙ ተመለሰ።

አንጓች ከበሯ ላይ ሆና ታየዋለች። በቅሎ ተጭና ቆማ፣ ይህ ሰው ለአበባ ወግ ሊነግር ቁልቁል ይወርዳል። መሻገሪያው ጋ እስኪደርስ በዓይኗ ሸኘችው። ከዚያ አላስቻላትም፤ ተከትላው ወረደች።

«ደምለው» አለችው። አያ አላለችውም። «እንሶስላን ምን ብለህ ነው የጠራሃት?»

«በሞቴ ይግቡልኝ ብዬ።»

«አምጃንስ?»

«እሱንም በሞቴ ይግቡልኝ ብዬ።»

ቀጋንም፣ ኮርችንም፣ ኮሶንም ጠየቀችው። ሁሉንም እንደዚያው ብሎ እንደጠራ ነገራት። «እኔንስ?» አለችው። «እኔን ምን ብለህ ጠራኸኝ? ወይስ ሳይጠሩኝ አቤት፣ ሳይልኩኝ ወዴት እንድል ነው?»

ደምለው አፉን ከፈተ፣ ድምፅ አልወጣውም። ዳስ ሙሉ ሰው በአንድ ጥሪ ዝም የሚያሰኝ ሰው ነው እኮ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እሱም ለሰው ሁሉ ሲተርተው ኖሯል። ከላይ የበቅሎዋ ኮቴ ይሰማል። እጁ ዘንጉን ፈለገ፣ ዘንግ የለውም። በመጨረሻ ቀና ብሎ አያት።

«አንጓች» አላት፣ «የአገሩን ሰው ሁሉ ቦታ አውቃለሁ። ማን ከላይ፣ ማን ከታች፣ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ ተሳስቼ አላውቅም። አንቺ ከሄድሽ ግን የራሴን ቦታ አላውቀውም። በሞቴ ግቢልኝ።»

አንጓች እንባዋ መጣ፤ በነጠላዋ ጫፍ ያዘችው። ለተላከው ሰው ኮርቻውን አውርድ ብላ ጮኸችና ወንዙን ከደምለው ቀድማ ተሻገረች። ይቅደሙም ያላት የለም፣ ይቅደሙም ያለችው የለም። ቀጥ ብላ ሄዳ ራቁቱን የቀረው ደጅ ገባች።

አንጓች ስትገባ ኮሶ እሺ አለ፤ እኔ አርጅቻለሁ ብሎ ልጁን፣ ክንድ የማታህል ችግኝ ላከ። ኮሶ ሲገባ ኮርች ገባ፣ አንድ ቅርንጫፉን ቆርጠው ቢተክሉት ያዘ። ኮርች ሲገባ ቀጋ ገባች፣ በመግቢያዋ ላይ የደምለውን እጅ ጫረች። ቀጋ ስትገባ አምጃ ገባ፣ አምጃ ሲገባ እንሶስላ ከነሥሯ ገባች፣ ደጁም አበባ ኖረው፣ አንጓችም አረፈችበት። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ጠብ ብቻ ተነሣ። ደምለው ኮሶን በሽማግሌነቱ ከደፉ አጠገብ፣ ከክብር ቦታ ላይ ሊያስቀምጠው ጉድጓድ ምሶ ነበር። አንጓች እጁን ያዘችው። ይህ ዛፍ ሲያድግ በሩንም ቤቱንም ይጋርደዋል፤ ዛፍ ከኋላ ከአጥሩ ሥር፣ ቁጥቋጦ ከመካከል፣ ትንሿ ከፊት ከደፉ አጠገብ ነው የምትቀመጠው አለችው። ደምለው ታላቅን ከኋላ ማስቀመጥ ከበደው። ቢሆንም እንዳለችው አስቀመጠው፣ ማንም አልተቀየመም።

እንሶስላ እንደፈራችው አንድ ቀን ጠወለገች። በማግስቱ የመስቀል ዕለት ጠዋት ቀና ብላ ነጭ አበባዋን ከፈተች። በቅሎዋም ለልጅየዋ አንድ እሽግ የእንሶስላ ሥር ይዛ ሄደች፤ እናትሽ ሥር ሰድዳለች፣ አትጠብቂያት የሚል መልእክትም ተላከ።

አንጓች ከደፉ ላይ ተቀምጣ አበባዋን እያየች ትስቅ ጀመር። «አንዲት ቃል ከአፍህ እስክትወጣ ድረስ የአገሩን ዱር ሁሉ እጅ ነሣህ» አለችው።

«ኮሶ እምቢ ቢለኝ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር» አላት ደምለው። «አንቺ እምቢ ብትዪኝ ወዴት እመለስ ነበር?»

አንጓች ሳቋን አቆመች። ጠጋ ብላ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችለት፣ እሱም ተቀመጠ።

ተረቴን መልሱ አልላችሁም፣ ለጎረቤት አቀብሉልኝ። ዳቦውንም ተዉት፤ ከደጃችሁ አንዲት ሥር ብትቆርጡልኝ ይበቃኛል።